ሳሎኔ ውስጥ የኖረችው ሴት

ጥቅምት 6

ለልጄ ልጅ ለፌንጣ፦

ይህ ወረቀት በደህና ይድረስሽ፤ ከሚጽፈው ሽማግሌ የተሻለ እግር ይስጠው። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል። አባትሽ እንደምታውቂው ነው፤ ከባድ መኪናውን ይዞ ሲመጣ ይተኛል፣ ሲነቃ ይሄዳል። ለምን አይደውሉም ብለሽ ወቅሰሽኛል። በስልክ ብቀልድ አንዴ ስቀሽ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ ግን ለሥራ ጓደኞችሽ ሳይቀር እየተረጎምሽ ታነቢያለሽ አሉ። እኔ ደግሞ ብዙ ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ተቀመጪ። ቤታችን ሞት ገብቷል።

አትጩሂ! ሰው አይደለም፤ ቫልቭ ነው። የአምፕሊፋየሬ ቫልቭ። እነዚያ እንደ ፋኖስ ቀላ ብለው የሚበሩት የብርጭቆ ቱቦዎች፣ ልጅ ሳለሽ ጣትሽን ያቃጠሉሽ። አንዱ ሸክላው እየተጫወተ ሳለ ጭል ጭል አለና ጠፋ። ሰዓት ሠሪውን ጠራሁት። እዚህ ሰፈር ከእጅ ሰዓት እስከ ስፌት መኪና የተበላሸ ሁሉ የሚሄደው እሱ ጋ ነው። አጎንብሶ አየው፤ አሸተተው፤ ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» አለኝ።

ስለዚህ ሁለት ቫልቭ ፈልጊልኝ። ቁጥሩን ከታች ገልብጬልሻለሁ። አደራ፣ «ዘመኑ የዲጂታል ነው፣ ትራንዚስተር ልላክልዎት» እንዳትይኝ። ሰዓት ሠሪው ትራንዚስተር አለው፤ ሰምቼዋለሁ። ድምፁ ንጹሕ ነው፤ እንደ ክሊኒክ ግድግዳ። ገና ሳትነኪው ይለፈልፋል። የእኔ ግን እስኪሞቅ ያስጠብቃል። እንደ ጨዋ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚናገር።

የማጫውተውን ደግሞ ታውቂዋለሽ። አያትሽ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሳለች ከመሥሪያ ቤቱ ባንድ ጋር ያስቀረጸቻት አንዲት ዘፈን ነች። እኔ ያን ጊዜ መስመር ልዘረጋ ሩቅ ተልኬ እንጨት ላይ ተንጠልጥዬ ነበር። ስመለስ ሸክላው ጠረጴዛ ላይ፣ እሷ አልጋ ላይ። ማጫወቻውን የገዛሁት ከቀበርኳት በኋላ ነው። ያን ቀን ነው የገባኝ። ድምጿ ከባድ ነው። ቃሉን እየጎተተች ነው የምታወጣው። መጨረሻ ላይ ደግሞ እህህ የምትል ትንፋሽ አለች። ስትዘፍንም ታማ ነበር ማለት ነው፤ ለእኔ ግን ትንፍሽ አላለችም። ለምን ደበቀችኝ? ይህችን ነገር አርባ ምናምን ዓመት አኝኬ አልዋጥኳትም።

በቃ፣ አልሁልሽ። ታናሽ እህቷ ዳኛዋ እዚያው ግቢ ውስጥ በሯን ከበሬ አጋጥማ አለች። ዛሬም ጎረቤት ላይ ስትፈርድ ዋለች። ሳሎኔ ግን አሁንም አትገባም። ሸክላው ሲጀምር መስኮቷን ጓ አድርጋ ትዘጋለች። ሐዘኗ ነው ብዬ ትቻታለሁ።

ከብርድ ይሰውርሽ፤ ከአለቃም ዓይን።

ሽማግሌው አያትሽ

ኅዳር 20

ለሚያሾፉብኝ ግን ለምወዳቸው አያቴ፦

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ ምላስዎ እርዳታ አያስፈልገውም። «ቤታችን ሞት ገብቷል» የሚለው ላይ ስደርስ የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ ለቅቄ ምንጣፍ አበላሽቻለሁ። የምንጣፉን ዕዳ በእርስዎ ስም ይዤዋለሁ።

ቫልቮቹን እያፈላለግሁ ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ ከእኔ ዕድሜ በላይ ሆኖታል። ቢሆንም እዚህ እንደ እርስዎ ያሉ ግትር ሽማግሌዎች ሞልተዋል፤ ጓዳቸው ውስጥ ደብቀው ያስቀምጣሉ። አለቃዬ ምን ይላል መሰለዎት? «ቫልቭ የሚጥመው ስለሚዋሽ ነው፤ ከራሱ ትንሽ ሙቀት ጨምሮ ይሰጥሃል። ትራንዚስተር የተቀበለውን ነው የሚያቀብልህ።» እኔ ለማንም አልወገንኩም። ብቻ ይህን ያህል ዓመት አንድን ሰው በአንድ ማሽን ብቻ መስማት እንዴት ነው እያልኩ አስባለሁ።

ሥራዬን ያውቁታል። መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሰው የሚያመጣልኝን አሮጌ ሸክላ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ አጫውቼ ወደ ዲጂታል እገለብጣለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎት፤ አይቆጡኝ። መርፌው በሄደ ቁጥር ከአያቴ ድምፅ እንደ ስስ ልጣጭ ይልጣል። የእርስዎ ሸክላ ምን ያህል እንደተላጠ እኔና እርስዎ እናውቃለን። ግን ሁለተኛዋ አለች፤ ቁም ሳጥኑ ላይኛው መደብ ላይ፣ መርፌ ነክቷት የማያውቀው። እሷን ይላኩልኝ። አንዴ ብቻ አጫውቼ እቀዳታለሁ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ድምጿ አይጠፋም።

እምቢ እንደሚሉ አውቃለሁ። ግን ያስቡበት።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ለዳኛዋ አያቴ ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ከፈቀደችልዎ።

ፌንጣ

ታኅሣሥ 15

ለፌንጣ፣ የሽማግሌ እጅ ጠምዛዧ፦

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለእኔም ትንሽ ይትረፍ።

እምቢ ብዬ ነበር። ደብዳቤሽን አጥፌ ትራስ ሥር ከተትኩና ሁለት ቀን አኮረፍኩሽ። በሦስተኛው ቀን ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ጣሪያውን አልፎ ቁም ሳጥኑ አጠገብ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁ። ከመቼ ወዲህ ነው ጣሪያው ካንቺ ጋር ያበረው?

ስለዚህ ሸክላይቱ መጥታልሻለች። ይህን ደብዳቤ የያዘችው ነርስ ጎረቤታችን ነች፤ እናንተ ከተማ ለሥልጠና ትመጣለች። ሸክላዋን በሁለት ካርቶን መሃል፣ ካርቶኑን በሹራቤ፣ ሹራቤን በትራስ ልብስ ጠቅልዬ ሰጥቻታለሁ። «አባባ፣ ሕፃን ነው እንዴ?» አለችኝ። «ሕፃንማ ቢሆን ሻንጣ ውስጥ ክተቺው እልሽ ነበር» አልኳት።

ስጠቀልል ዳኛዋ ከግቢው በመስኮት አየችኝ። ምን እንዳለች ልንገርሽ? «አሁንም እሷን ታቅፋለህ? አታፍርም?» ብላኝ ፊቷን አዙራ ሄደች። እህቷን ባቅፍ ምን ያሳፍረኛል? አርጅታለች መሰለኝ። እኔ ግን ገና ነኝ።

አንዴ ብቻ! ሁለተኛ መርፌ ካሳረፍሽባት ርስቴን በሙሉ ለሰዓት ሠሪው አወርሰዋለሁ። ርስቴም የሚያፈስ ጣሪያ ነው።

ቫልቭ አትርሺ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታ ደግሞ አልወድም።

አያትሽ

የካቲት 28

ለአያቴ፦

ሰላምዎ ይብዛ፤ ቤትዎ ከክፉ ይጠበቅ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሸክላዋ በደህና ደርሳለች፤ ጫፏ እንኳ አልተነካም።

ቀድቻታለሁ። አንዴ ብቻ።

ሁለቱን ቫልቮች በነርሷ እጅ ልኬያለሁ፤ ካልሲ ውስጥ ናቸው፣ እንዳይረግጧቸው። ከሸክላዋ ጋር ደግሞ አንዲት ትንሽ ማጫወቻ አለች፤ የእጅ መዳፍ ታክላለች፤ በውስጧ ዲጂታሉ ዘፈን አለ፤ የራሷ ትራንዚስተር አምፕሊፋየርና ድምፅ ማውጫ አላት። አረንጓዴዋን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።

አያቴ፣ ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ። ቤት ያለውን የሸክላ ማጫወቻ ከማን ነው የገዙት? ሲገዙት ከሳጥኑ ውስጥ ሌላ ዕቃ ነበረው? እንግዳ ቤት ወይም ካፌ ውስጥ፣ በሌላ ማጫወቻ፣ አያቴን ሰምተዋት ያውቃሉ? ደግሞ ያን ቀን ታማ እንደነበር ከሸክላው ሌላ የነገረዎት ሰው አለ?

ለምን እንደጠየቅሁ አሁን አልጽፍም። መጀመሪያ ይስሙት። ቢቻል ብቻዎን አይስሙት።

ምንጣፉን ይቅር ብዬዎታለሁ።

የእርስዎ ፌንጣ

መጋቢት 24

ለፌንጣ፦

የላይኛው ይጠብቅሽ። ሰላምታ አላበዛም።

ምን አደረግሽብኝ? ይህቺ ሴት ማን ነች?

እንዳልሽው አረንጓዴዋን ቁልፍ ተጫንኩ። መለከቱ ገባ፤ እንደ ረፈደበት ተማሪ እየተቻኮለ መጣብኝ። ከዚያ አንዲት ልጃገረድ መዝፈን ጀመረች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቀበጥ! የአያትሽን ቃል በሙሉ ታውቀዋለች፤ ቃሉን ግን እንደ ገመድ እየዘለለችበት ነው የምታልፈው። ደነገጥኩ። በልቤ ያልኩትን ልንገርሽ፤ «ፌንጣ አበላሸቻት፤ ኮምፒውተሩ የሚስቴን ጉሮሮ በላው» ነው ያልኩት። አንቺን ልረግምሽ አፌን ከፍቼ ነበር።

ግን ልብ በይ፣ ቀኑ ሞቃት ስለነበር መስኮቱ ክፍት ነበር። ዳኛዋ ግቢ ልብስ ታጥባለች። ልጅቷ ሁለተኛውን አዝማች ስትጀምር ውጭ የሳፋ ድምፅ ሰማሁ፤ ጧ! ከዚያ የሩጫ ድምፅ። ከዚያ በሬ ተበረገደ። ዳኛዋ! ሳሎኔ መሃል! እጇ እስከ ክርኗ አረፋ፣ ነጠላ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ፣ አንዱ የት እንዳለ እንጃ።

«የት አገኘሃት?» አለችኝ።

«ማንን?»

«እህቴን ነዋ! እህቴን የት አገኘሃት?»

«ይህቺማ እህትሽ አይደለችም፤ የልጅ ልጃችን በማሽን ያበላሸቻት…»

«ዝም በል!» አለችኝ። ሚስቴም እንኳ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለችና ማጫወቻዋን በእርጥብ እጇ ጉንጯ ላይ ለጠፈቻት። ሲያልቅ ቀና ብላ ሸክላ ማጫወቻዬን በጣቷ አመለከተች። «ያቺኛዋስ?» አለች። «ያቺ ስንት ዓመት ሙሉ የምታስጮኻት ወፍራም ሴት ማን ነች?»

ፌንጣ፣ ልብሽን ያዢ። ዳኛዋ ይህን ሁሉ ዓመት ሸክላው ላይ ያለችው ሌላ ሴት ትመስላት ነበር! እህቷ ገና አፈሯ ሳይደርቅ እኔ ሌላ ዘፋኝ አግኝቼ፣ የእህቷን ዘፈን በዚያች ሴት አስቀርጬ፣ በእህቷ ሳሎን ከጠዋት እስከ ማታ የማጫውት ይመስላት ነበር! መስኮቷን የምትዘጋው ለዚህ ነው። ሳሎኔ ያልገባችው ለዚህ ነው። አባትሽን አብራኝ አሳደገች፤ አንድ ግቢ አረጀን፤ በሆዷ ግን በየቀኑ ስትፈርድብኝ ኖራለች።

«አንድ ቀን እንኳ አትጠይቂኝም ነበር?» አልኳት።

«ምን ብዬ? ውሽማህን አስተዋውቀኝ ልበልህ?»

ሳቄ መጣ፤ ግን አልወጣም። እሷም አልሳቀች። ሁለታችንም ሸክላ ማጫወቻውን ሌባ እንደያዘ ሰው ቆመን አፈጠጥንበት።

እንግዲህ ንገሪኝ። ከሁለቱ የቷ ነች ሚስቴ? ዳኛዋ የአንቺኛዋ ነች ትላለች፤ እሷ ያን ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጆሮዋ ይታመናል? እኔ ግን በመስመር ላይ ድምጿን ሰምቼ መልኳን ሳላይ የወደድኳት ሰው ነኝ። እኔ እንዴት አላውቃትም? ዓይኔን ጨፍኜ የበፊቷን፣ ያልታመመችውን ልሰማት ሞከርኩ። የሚመጣልኝ ሸክላው ብቻ ነው።

ለጥያቄሽ መልስ፦ ማጫወቻውን የገዛሁት ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። በሌላ ማሽን ሰምቻት አላውቅም። ታማ እንደነበር የነገረኝ ማንም የለም፤ የነገረችኝ እሷው ነች፤ በድምጿ።

ቶሎ ጻፊ። ቀልድ የለኝም።

አያትሽ

ሚያዝያ 12

ለውድ አያቴ፦

ልብዎን ያረጋጋልዎት፤ ዳኛዋ አያቴንም። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ አለቃዬ «ሰው ሞተ?» አለኝ። «አይ፣ አንዲት ሴት ተነሣች» አልኩት።

እኔም እንደ እርስዎ ነው የደነገጥኩት። ለመዘግየቴ ምክንያቱ እሱ ነው። መርፌውን አሳርፌ መለከቱ ሲገባ ማሽኔ የተበላሸ መሰለኝ። የሌላ ሰው ሸክላ አጫወትኩበት፤ ደህና ነው። ፍጥነቱን በመለኪያ አየሁት፤ ትክክል ነው። እኔም እኮ ያደግሁት በዚያች በከባዷ ድምፅ ነው። ለእርስዎ ምን ብዬ ልጻፍ? ስንት ደብዳቤ ጀምሬ ቀደድኩ።

አሁን በግልጽ ልንገርዎ። ጥፋቱ የቫልቭም የትራንዚስተርም አይደለም። የሸክላም የዲጂታልም አይደለም። ጥፋቱ ማጫወቻው ሆድ ውስጥ ነው። ሰሃኑን የሚያዞረው ሞተር የሚታዘዘው በመብራቱ ምት ነው፤ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ማለቴ ነው። የመሐንዲሱ አገር መብራት ምቱ ፈጣን ነው፤ የእርስዎ ቤት መብራት ዝግ ያለ ነው። ስለዚህ ያ ማሽን እርስዎ ቤት ከገባ ጀምሮ ከሚገባው በታች ሲዞር ኖሯል። ሰሃኑ ሲዘገይ ዘፈኑ ይዘገያል፤ ዘፈኑ ሲዘገይ ድምፁ ይወፍራል። ሞተሩ ጫፍ ላይ ቺንጋው፣ ሰሃኑን የሚጎትተው የጎማ ቀበቶ፣ የሚጠመጠምባት ትንሽ መዘውር፣ ፑሌጃ የሚሏት፣ አለች። እሷ በሌላ መጠን መቀየር ነበረባት።

እኔን አይመኑኝ። ሸክላው ጫፍ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፈው ለአንድ ደቂቃ ዙሩን ይቁጠሩ። አርባ አምስት መምጣት አለበት።

አያቴ፣ ሌላም አለ፤ እጄ የዘገየው በዚህ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ትንፋሽ። እህህ የምትል ያሉኝ፣ እኔም ልጅ ሆኜ ስሰማት ብርድ ልብስ የምከናነብባት። ደጋግሜ ሰምቻታለሁ፤ ከዲጂታሉ ነው፣ መርፌ አላሳረፍኩም። የሕመም ትንፋሽ አይደለችም። እየሳቀች ነው። ልትስቅ ስትል አፏን ይዛ አፍናው ያመለጠች ሳቅ ነች።

ለምን እንደሳቀች አላውቅም። ዳኛዋ አያቴ ታውቅ ይሆን?

ትክክለኛዋን ፑሌጃ አፈላልጌ መላክ እችላለሁ። ግን እሺ ሳይሉኝ አልልክም። ያቺ ዘገምተኛዋ ሴትም ከእርስዎ ጋር ብዙ ኖራለች። የመረጡትን እኔ እደግፋለሁ።

ፌንጣ

ግንቦት 9

ለልጄ ልጅ ለፌንጣ፦

እግሮችሽ አይዛሉ፤ ጆሮሽም አይደንቁር። እኔ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔን ራሴም ገና አላመንኩም።

እንዳልሽው ቆጠርን። ሰዓት ሠሪው ሰዓቱን ያዘ፤ እኔ ወረቀቷን በዓይኔ ተከተልኩ፤ ዳኛዋ ሁለታችንንም እንዳናጭበረብር ተቆጣጠረች። ሠላሳ ሰባት ተኩል። ሰዓት ሠሪው ባርኔጣውን ሊያወልቅ ሲል «ተው!» አልኩት።

ሰሃኑን አንሥቶ ውስጡን አየ። «እንዲህ ዓይነቷ ማሽን ሁለት ፑሌጃ ይዛ ነው የምትሸጠው፤ አንዷ ለዚያ መብራት፣ አንዷ ለዚህ። ሌላዋ የት አለች? ይህችን የመሰለች፣ ቢጫ ናስ፣ ትንሽ ወፈር ያለች።»

«አላየሁም» አልኩ።

ዳኛዋ ዓይኗን ወገቤ ላይ ተከለች። «ቁልፍህን አውጣ» አለችኝ።

አወጣሁ። ፌንጣ፣ ሳቂ፤ አሁን ፈቅጄልሻለሁ። ከሳጥኑ ጋር በትንሽ ከረጢት የመጣች፣ ምን እንደሆነች ያልገባኝ፣ ስታምርብኝ ጊዜ የቁልፌ ማንጠልጠያ ያደረግኋት ናስ! የሚስቴን ድምፅ ኪሴ ውስጥ እያንሿሿሁ አረጀሁ። ሰዓት ሠሪው እያየኝ «እርስዎ እኮ…» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔ ብሆን አልተወውም ነበር።

ናሷን ከቀለበቱ አላቀቀ። መፍቻውን ሲያነሣ ግን እጁን ያዝኩት።

«ምነው?» አለች ዳኛዋ።

«ያቺኛዋስ?» አልኳት። «ወዴት ላባርራት? ሐዘን የተቀመጥኩት ከእሷ ጋር ነው። ልጁን ያስተኛሁት በእሷ ነው። ጥፋት የለባትም እኮ።»

ፈርጄብሃለሁ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ተነሣች። «ተሰናበታት» አለች። «እኔና ሰዓት ሠሪው ግቢ እንጠብቃለን።» ሰዓት ሠሪውን እጁን ጎትታ ይዛው ወጣች። መስኮቷን አልዘጋችም።

ቫልቮቹን አበራሁ፤ የላክሻቸው አዲሶቹ ከአሮጌዎቹ ጋር እኩል ቀሉ። እስኪሞቁ ጠበቅሁ። ከዚያ ዘገምተኛዋን ለመጨረሻ ጊዜ አዳመጥኳት። ያው ከባድ፣ ያው ቃል ጎታች። የሌለባትን ሕመም አሸክሜ ይህን ሁሉ ዓመት አስታምሜአታለሁ። አመሰገንኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ሰዓት ሠሪው ገብቶ ፑሌጃዋን ቀየረ። ደቂቃ አልፈጀበትም። ያ ሁሉ ነገር አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር።

መርፌዋን ያሳረፈችው ዳኛዋ ነች። ያረጀው ሸክላ ይንኮሻኮሻል፣ ያም ሆኖ ያቺው ልጅ ወጣች፤ የአንቺዋ ቀበጥ፤ አሁን ግን በቫልቭ፣ ሞቅ ብላ። አለቃሽ ይዋሻል ያለው ይሄ ከሆነ ይዋሽልኝ። አንድ ቦታ ላይ፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ይመስለኛል፣ «ሃሎ፣ መስመር ላይ ኖት?» የምትለኝ መሰለኝ። ስልክ ስታነሣ እንዲህ ነበረች። እንዲህ! እንዴት ተረሳኝ?

መጨረሻ ላይ ያቺ ትንፋሽ መጣች። እውነትሽን ነው። ሳቅ ነች።

ዳኛዋ ግን ከሳቁ ቀድማ ነበር የሳቀችው። «መለከተኛው!» አለች። «የመለከተኛው ጣት!»

ለካ ያን ቀን እህቷን ተከትላ ሄዳ ኖሯል። የመለከተኛው ጫማ ሲጥ ሲጥ እያለ ቀረጻውን ሁለቴ ስላበላሸ አውልቅ አሉት። ቢያወልቅ ካልሲው ተቀድዶ አውራ ጣቱ ብቅ ብሏል። በጣቱ ምቱን እየጠበቀ ነው የሚነፋው። አያትሽ ዘፈኑን በሙሉ ያቺን ጣት እያየች፣ ከንፈሯን ነክሳ ጨረሰችው።

«ታማ አልነበረም?» አልኳት።

«የምን መታመም? ከዚያ ወጥተን እስከ ቤት እየሮጠች ነው የሄደችው፤ እኔ ነኝ ያለከለክሁት። የታመመችው ክረምቱ ሲገባ ነው። አንተ የመጣህ ሰሞን።»

«ታዲያ ከእኔ የደበቀችው…»

«ምንም አልደበቀችህም» አለች ዳኛዋ። «የምትደብቀው ነገር አልነበራትም።»

ፌንጣ፣ ያችን አርባ ምናምን ዓመት ያኘክኋትን ነገር ያን ጊዜ ዋጥኳት። ሰዓት ሠሪው ዕቃውን ሰብስቦ ድምፅ ሳያሰማ ወጣ።

አባትሽ ባለፈው እሑድ ከመንገድ ገባ። ሳንነግረው እንዲሰማት አደረግን። በር ላይ ሻንጣውን እንደያዘ ቆመ። «ፌንጣ ነች?» አለ። አንቺ መሰልሽው። ቀረብ ብሎ ሸክላውን ሲያይ ሻንጣውን አስቀመጠ። ዛሬም አልሄደም፤ መኪናው በር ላይ እንደቆመ ነው።

አሁን ወደ ክርክራችን እንምጣ፤ ሸክላ ወይስ ዲጂታል፣ ቫልቭ ወይስ ትራንዚስተር ያልነው። ዳኛዋ ፈርዳለች። ዲጂታሏን ወርሳብኛለች፤ ኪሷ ውስጥ ከትታት ልብስ ስታጥብም ታስዘፍናታለች። ይግባኝ አይባልም ብላለች። ሸክላውና ቫልቩ ለእኔ ተፈረደልኝ። ሳሎኔ ግን አሁን ትገባለች፤ እንዲያውም የምትቀመጠው የእኔ ወንበር ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቸግሮኛል። እኔ ከሸክላው ጋር አብሬ ማንጎራጎር ልማዴ ነው። ከዘገምተኛዋ ጋር እኩል እንሄድ ነበር፤ ትንፋሽ ስስብ ትጠብቀኝ ነበር። ይህቺኛዋ አትጠብቅም። ዛሬ ጠዋት ገና ሁለተኛውን ስንኝ ሳልጨርስ እሷ አራተኛው ላይ ነበረች። እያሳልኩ፣ ደረቴን ይዤ፣ እየጮህኩ ተከተልኳት። ዳኛዋ ከወንበሬ ላይ ሆና በሳቅ ፈነዳች።

«ተወው፣ ድሮም ደርሰህባት አታውቅም!» አለችኝ።

መርፌውን አንሥቼ ከመጀመሪያው አስነሣኋት። ቃሉን በደንብ ጻፊልኝና ላኪልኝ፤ በትልልቅ ፊደል። የምታልፈኝ የት ላይ እንደሆነ ለማየት ነው።

በሩጫ ላይ ያለው አያትሽ